ስለ አንድ ጥይትና ስለ ሺህ ጥይት

ሰው በእጁ አንድ በአንድ ይሠራው የነበረውን ነገር መኪና በሺህ እየቈጠረ ሲሠራለት፥ ለእያንዳንዱ ይሰጠው የነበረው ጥንቃቄ ወዴት ይሄዳል? ጥያቄው ለሸማኔም፥ ለዳቦ ጋጋሪም፥ ለጸሓፊም የሚቀርብ ነው። ነገር ግን በጋቢና በዳቦ ላይ ያነሣነው እንደ ሆነ መልሱን ማድበስበስ ይቻላል፤ ከሺህ ዳቦ አንዱ ቢያርር ቤቱ የሚፈርስበት ሰው የለምና። ስለዚህ ማድበስበስ በማይቻልበት ነገር ላይ ልናነሣው ፈለግን፤ ይኸውም ጥይት ነው። ከሺህ ጥይት አንዱ የተበላሸ ቢሆን ያ አንዱ የሚፈነዳው በአንድ ሰው ፊት አጠገብ ነው። ከሺህ ጥይት አንዱ ደኅና ሆኖ ሳለ ወዳልታሰበበት ቢሄድ ደግሞ የሚያርፈው በአንድ ሰው ገላ ላይ ነው። በጥይት ዘንድ፥ ከሺህ አንዱ የሚባል ትንሽ ነገር የለም።

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ሉማሜን ያገኛል። አገሩ የጤፍና የስንዴ አገር፥ ሕዝቡ አራሽ ነው። በዚህ አገር ጠመንጃ የእርሻ ዕቃ ባይሆንም ከእርሻ ዕቃ ርቆ የኖረ አይደለም። ሞፈርና ቀንበር በሚቀመጡበት ጎጆ ውስጥ ጠመንጃው ከምሰሶው ላይ ይንጠለጠል ነበረ። ባለ ርስቱ ርስቱን የሚያስከብርበት፥ ሙሽራው የሚታጀብበት፥ የሞተው ጐበዝ ደግሞ የሚሸኝበት እርሱ ነው። የጐጃምን ሰው ከጠመንጃው ጋር ያቈራኘው ጠብ ወዳድነት ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን ይህን ፍርድ የችኰላ ፍርድ አድርገን እንቈጥረዋለን። ዳኛ በራቀበትና መንገድ በሌለበት ዘመን ሰው ክብሩን ባለው ነገር ይጠብቅ ነበረ።

ጠመንጃው ይከበር የነበረው ግን በጥይቱ ነው። ጥይት የሌለው ጠመንጃ ከዘንግ የማይሻል መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። በዝናሩ ላይ ስንት ጥይት እንዳለው የማያውቅ ባለ ጠመንጃ አልነበረም፤ እንዲያውም የላሞቹን ቍጥር ከሚያውቀው ይልቅ የጥይቶቹን ቍጥር አጥብቆ ያውቅ ነበረ ብንል ማጋነን አይሆንብንም። በዐፄ ምኒልክ ዘመንና ከዚያም ወዲህ በነበሩት ዓመታት፥ ጠገራ ብርና አሞሌ ጨው በሚመነዘሩበት ገበያ የውጅግራ ጥይት እንደ ገንዘብ ይሰጥና ይቀበሉት ነበረ። ውጅግራ የተባለው ጠመንጃ ፈረንሳዮች በ1874 (በእነርሱ አቈጣጠር) ለሠራዊታቸው ያወጡት ሲሆን፥ ስሙም ፉዚ ግራ ከሚለው ከራሳቸው ቋንቋ ወደ እኛ አፍ የገባ ነው። እንግዲህ ያን ጊዜ አንድ ጥይት የተኰሰ ሰው አንድ ገንዘብ ተኰሰ ማለት ነው። በልቅሶ ላይ ሦስት ጊዜ የተኰሰ ወዳጅ፥ ከገንዘቡ ከፍሎ ሟቹን አክብሮታልና ድምፁ በከንቱ አይሰማም ነበረ።

ጥይት እንዲህ የተቈጠረበት ዘመን ሌላ፥ ከዚህ የበረታ ደግሞ አለ። በ1927 ዓ.ም. ክረምት የኢጣልያ ጦር ለወረራ በሚሰናዳበት ጊዜ ታላላቆቹ የአውሮፓ መንግሥታት ለሁለቱም ወገን የጦር መሣሪያ አንሸጥም ብለው ነበረ። ለሁለቱም የሚለው ቃል ለሰሚው የተስተካከለ ፍርድ ይመስላል፤ ነገር ግን ኢጣልያ መሣሪያዋን በገዛ ፋብሪካዋ ትሠራ ነበረና ክልከላው የጐዳው ኢትዮጵያን ብቻ ነው። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ወደ ማይጨው የወረደው ሠራዊት ጠመንጃው ልዩ ልዩ ነበረ፤ አንዱ ውጅግራ፥ አንዱ ስናድር፥ አንዱ ምንሽር፥ አንዱ ለበን ይዟል። ጠመንጃው ልዩ ልዩ ሲሆን ጥይቱም ልዩ ልዩ ይሆናል፤ የጓደኛው ጥይት በጠመንጃው አልገባ ያለው ሰው በጥይት መካከል ሆኖ ጥይት ያጣ ሰው ነው።

ከዚያም ወዲህ እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ በጐጃም ጫካና ገደል የቈዩት አርበኞች፥ በብቸና በኩል እንደ ነበረው እንደ በላይ ዘለቀ ያሉትና በየአውራጃው የተነሡት ሌሎቹም፥ ዋናውን ስንቃቸውን ያገኙ የነበረው ከጠላት በመማረክ ነው። ጥይት ለመማረክ ጥይት ያስፈልጋል፤ ይህ እንቆቅልሽ የሚመስል ነገር የዕለት ኑሮአቸው ነበረ። ስለዚህ የተተኰሰው ቀለህ ከመሬት የሚለቀም እንጂ የሚጣል አልነበረም። የቀለህን ዋጋ የማያውቅ አንባቢ ቢኖር ነገሩን ባጭሩ እንግለጥለት። ጥይት ከአራት ነገር የተሠራ ነው፤ ከፊት ያለው የእርሳስ አረር፥ ውስጡ ያለው ባሩድ፥ በቂጡ ላይ የምትቀመጠውና መዶሻው ሲመታት እሳት የምትጭረው ትንሽ ቆብ፥ እነዚህን ሦስቱን አቅፎ የሚይዘው ደግሞ የናሱ ቀለህ ነው። ሲተኰስ አረሩ ይሄዳል፥ ባሩዱ ይነድዳል፥ ቆቧ ትቃጠላለች፤ ቀለሁ ግን ይቀራል። ከአራቱ ለመሥራት እጅግ የሚያስቸግረውም እርሱ ነውና፥ ቀለህ ያለው ሰው የጥይቱ ግማሽ አለው ቢባል ያስኬዳል።

ቀለሁን እንደገና መሙላት በየትም አገር አካሄዱ አንድ ነው። የተቃጠለችው ቆብ በሹል ብረት ተገፍታ ትወጣለች። በእሳቱ ኀይል ያበጠው ናስ ወደ ቀድሞ ልኩ ይመለሳል። አዲስ ቆብ ትተከላለች፥ ባሩድ ተሰፍሮ ይገባል፥ እርሳስ ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ በኋላ አረር ሆኖ አፉ ላይ ይተከላል። የውጅግራ ጥይት የተሠራው በጥቁር ባሩድ እንዲተኰስ ነበረ፤ ጥቁር ባሩድም ከድኝ፥ ከከሰልና ከመሬት ከሚወጣ ጨው የሚቀመም ሲሆን አባቶቻችን ቅመማውን ያውቁት ነበረ። ቆቧ ግን በጐጆ እጅ የምትሠራ አይደለችም፤ ሥራውን የሚገታው ብዙ ጊዜ እርስዋ ናት።

በዚህ ሥራ ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በእጅ የሚሞላ ሰው እያንዳንዱን ቀለህ ያየዋል፤ ለማየት ጨዋነት አያስፈልገውም፥ አለማየት አይቻለውምና። የተሰነጠቀውን በጣቱ ያውቀዋል፤ የሰፈረውን ባሩድ በዐይኑ ያያል። ከሁሉም ይልቅ ደግሞ፥ የሞላውን ጥይት የሚተኵሰው ወይ እርሱ ራሱ ነው፥ ወይ በአንድ እሳት ዳር አብሮት የሚያድረው ወንድሙ ነው። ሥራው ቢበላሽ የማን ሥራ እንደ ሆነ የሚጠይቅ መርማሪ አያስፈልግም።

ይህን ስንል ድኽነትን ልናመሰግን አለመሆናችን ይታወቅልን። በጸሓፊዎች ዘንድ የቀድሞውን ዘመን ችግር ሁሉ ወደ ምግባር የመለወጥ ልማድ አለ፤ ጥቂት የነበረው ሁሉ ቅዱስ፥ የበዛው ሁሉ ርኩስ ይባላል። እኛ ከዚህ ልማድ ጋር አንስማማም። ሦስት ጥይት ብቻ ስላለው ያልተኰሰ ሰው ታጋሽ ነው አይባልም፤ ሦስት መቶ ቢሰጡት ምን ያደርግ እንደ ነበረ አልታወቀምና። የትዕግሥቱ ልክ የሚታወቀው ዝናሩ በሞላ ጊዜ ነው። ደግሞም በጥይት እጦት ስንት ጐበዝ እንደ ወደቀ ማን ቈጠረው? በተባ እጅ ያልተሞላ ጥይትም የሚተኵሰውን ሰው ዐይንና ጣት መውሰዱ በየአገሩ የታወቀ ነው። በማይጨው ለነበረው ወታደር አንድ የጥይት መኪና ቢደርስለት ኖሮ ስለ ብዛት ክፋት የሚነገረውን ስብከት የሚሰማበት ጆሮ አይኖረውም ነበረ።

እንግዲህ ወደ መኪናው እንምጣ። በአሜሪካ አገር ጥይቱን በቤቱ የሚሞላ ሰው ብዙ ነው። እኛን የሚያስደንቀን ይህ ሥራ በዚያ የወታደር ወይም የሸማቂ ሥራ አለመሆኑ ነው፤ የጡረተኛ፥ የሐኪም፥ የአናጢ የዕረፍት ሰዓት ሥራ ነው። ወደ ዒላማ ውድድር የሚሄድ ሰው ባንድ ዓመት ብዙ ሺህ ጥይት ይተኵሳልና ለወጪው ሲል ይሞላል፤ ሌላው ደግሞ ለጠመንጃው የሚስማማውን ልክ ራሱ ለማግኘት ሲል ይሞላል። በእነርሱ አቈጣጠር በ1884 አካባቢ ጀምሮ ለዚህ ሥራ የሚሆን የእጅ መሣሪያ በሱቅ ይሸጥ ነበረ። ያ መሣሪያ ባንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ ይሠራል፤ መቶ ቀለህ ያለው ሰው መቶውን ሁሉ ልክ ያስይዝና፥ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሮ ለመቶው ቆብ ይተክላል፥ እንደገና ባሩድ ይሰፍራል። በዚህ አካሄድ በሰዓት ከሃምሳ እስከ መቶ ጥይት ቢወጣ ደኅና ነው።

ኋላ ግን ባለ ብዙ ጣቢያ መኪና መጣ። ከእነዚህ መኪናዎች ስመ ጥሩው በአሪዞና የሚገኘው የዲሎን ፋብሪካ የሚያወጣው ነው፤ ያቋቋመውም ማይክ ዲሎን የሚባል የአውሮፕላን አብራሪ ነበረ። የመኪናው ብልኀት በአንድ ክብ ዝርግ ብረት ላይ ነው። በዝርጉ ብረት ዙሪያ ቀለሆች ይቆማሉ፤ በላያቸው በየጣቢያው ልዩ ልዩ መሣሪያ ተሰቅሏል። እጀታው አንድ ጊዜ ሲወርድ በአንደኛው ጣቢያ ያለው ቀለህ የተቃጠለ ቆቡ ወጥቶ ልኩን ይይዛል፥ በሁለተኛው አዲስ ቆብ ትተከላለች፥ በሚቀጥለው ባሩድ ይሰፈራል፥ በሌላው አረሩ ይቀመጣል፥ በመጨረሻው አፉ ይጠብቃል። እጀታው ሲነሣ ዝርጉ ብረት አንድ እርምጃ ይዞራል። እንዲህ ሲሆን በእያንዳንዱ የእጀታ ውረድ አንድ ያለቀ ጥይት ይወድቃል።

የጠመንጃ ጥይት ከሽጉጥ ጥይት ይልቅ ያስቸግራል። ቀለሁ ረጅምና አንገቱ የጠበበ ስለ ሆነ ቅባት ካልተቀባ በመኪናው ውስጥ ተነክሶ ይቀራል፤ በተተኰሰ ቍጥርም ናሱ ወደ ፊት ይረዝማልና መከርከም አለበት። ለሠራዊት የተሠራ ቀለህ ሲሆን ደግሞ የቆቧ ጕድጓድ ዙሪያው ተቀጥቅጦ የጠበበ ነውና መስፋት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ብዙ ጠመንጃ ጥይት የሚሞሉ ሰዎች ሥራውን በሁለት ዙር ይከፍሉታል፤ በመጀመሪያው ዙር ቀለሁን ያሰናዳሉ፥ ቅባቱን ያጥባሉ፥ በሁለተኛው ዙር ይሞላሉ። በአገራችን በብዛት የሚገኘው በምሥራቅ አውሮፓ ሥርዓት የተሠራው የብረት ቀለህ ለዚህ መኪና እምብዛም አይመችም፤ በቆቧ ጕድጓድ ውስጥ የእሳት ማለፊያው ቀዳዳ ሁለት ሆኖ ወደ ጐን ስላለ፥ የመኪናው መርፌ ገብቶ የተቃጠለችውን ቆብ ሊገፋት አይችልም።

በእጀታው ፈንታ የኤሌክትሪክ ሞተር የተተከለበት እንደ ሆነ መኪናው በሰዓት ከሺህ በላይ ይሞላል። ቀለሁን የሚያቀርብለት አንድ መጋቢ፥ አረሩን የሚያቀርብለት ሌላ መጋቢ አለው። ሰውየው የሚቀረው ሥራ ዕቃው እንዳይጐድል መጨመርና መኪናውን መመልከት ነው። ጥያቄያችን የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በመኪናው ውስጥ ሊደርስ የሚችለው ክፉ ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ባሩድ ሳይሰፈር ማለፍ ነው። ባሩድ የሌለው ጥይት ሲተኰስ ቆቧ ብቻ ትጮኻለች፤ አረሩ በእርስዋ ኀይል ተገፍቶ ጥቂት ይሄድና በአፈ ሙዙ ቧንቧ ውስጥ ተወትፎ ይቀራል። ተኳሹ ያልተተኰሰ መስሎት ሌላ ያጐረሰ እንደ ሆነ ሁለተኛው ጥይት በተወተፈው አረር ላይ ይደርስና ብረቱን ያፈነዳዋል። ሁለተኛው ደግሞ ከልክ ያለፈ ባሩድ መግባቱ ነው። በጠመንጃ ጥይት ባሩዱ የቀለሁን አብዛኛ ክፍል ስለሚሞላ እጥፍ ቢሰፈር ብዙ ጊዜ ይፈስሳልና ይታያል፤ በሽጉጥ ግን እጥፉ ያለ ምልክት ተሸሽጎ ሊገባ ይችላል።

መኪናውን የሠሩት ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ በአንድ ጣቢያ ላይ ባሩድ መርማሪ ተክለዋል። አንድ ቀጭን ዘንግ ወደ ቀለሁ ውስጥ ይወርድና የባሩዱን ከፍታ ይለካል፤ ያነሰ ወይም የበለጠ እንደ ሆነ ይጮኻል ወይም መኪናውን ያቆማል። ቆብ ማለቋን የሚናገር ሌላ መብራትም አለ። ታዲያ ነገሩ አለቀ እንበልን? መርማሪው ከሰው ዐይን ይልቅ አይደክምም፥ አያዛጋም፥ የልጁን መታመም አያስብም። በዚህ ረገድ መኪናውን ከሰው ማስበለጥ ተገቢ ነው፤ እኛም ያለ ማመንታት እናስበልጠዋለን።

ነገር ግን መርማሪው ለአንድ ነገር ብቻ የተሠራ ነው። ከፍታውን ይለካል እንጂ ባሩዱ ሌላ ዓይነት ባሩድ መሆኑን አያውቅም። ሁለቱ የባሩድ ዓይነቶች በመልክ ተመሳስለው በኀይል የሚለያዩ ቢሆኑና ሰውየው ተሳስቶ ሌላውን ከመስፈሪያው ውስጥ ቢጨምር፥ መርማሪው አረንጓዴውን መብራት እያበራ ሺሁንም ያሳልፋቸዋል። በእጅ የሚሞላ ሰው እንዲህ ቢሳሳት ሃምሳ ጥይት ያበላሻል፤ በመኪና የሚሞላ ሰው ቢሳሳት ከምሳ በፊት ብዙ ሺህ ያበላሻል። መኪናው የሰውን ትጋት እንደሚያበዛ ሁሉ የሰውን ስሕተትም ያበዛልና። እንግዲህ ጥንቃቄ አልጠፋም፤ ስፍራውን ለወጠ። ቀድሞ በእያንዳንዱ ጥይት ላይ የተበተነው አሁን መኪናው ከመነሣቱ በፊት ወዳሉት ጥቂት ደቂቃዎች ተሰበሰበ። ከፊቱ ስለ ጠፋ የሌለ የመሰለው ሰው ግን ሥራውን ይጀምራል፥ እጁን ያጣጥፋል፥ መኪናው ያውቃል ይላል።

ይህን ሥራ ጠንቅቀው የሚያውቁት ሰዎች ያወጡት አንድ ልማድ አለ፤ በጽሑፍ የታዘዘ ሕግ አይደለም፥ ነገር ግን አብዛኞቹ ያከብሩታል። ሌላ ሰው የሞላውን ጥይት በጠመንጃህ አትተኵስ፥ አንተም የሞላኸውን ለሌላ ሰው አትስጥ ይላል። ባሩድ በሚሞሉበት ጊዜ በጠረጴዛው ላይ ከአንድ ዓይነት ባሩድ በቀር አያኖሩም። በየጊዜው መኪናውን ገትተው ከወጡት መካከል አንዱን ያነሣሉ፥ ባሩዱን በትንሽ ሚዛን ይመዝናሉ። ሚዛናቸው የሚቈጥረው በግሬን ነው፤ አንድ ግራም ከ15 ግሬን ጥቂት ይበልጣል። በሣጥኑም ላይ የተሞላበትን ቀን፥ የባሩዱን ዓይነትና ልክ ይጽፋሉ።

ይህ ልማድ ብዙ አሳሰበን። ሰዎቹ በሰዓት ሺህ የሚሞላ መኪና ካላቸው በኋላ፥ ማንም ሳያስገድዳቸው፥ ከጐጃም ጫካ አርበኛ ጋር ወዳንድ ስፍራ ተመልሰዋል፤ የሞላው ይተኵሰው፥ የሚተኵሰው ይሙላው ብለዋል። አርበኛውን ወደዚህ ያመጣው እጦት ነበረ። እነርሱን ግን ያመጣቸው እጦት አይደለም፥ ሞልቶላቸዋልና። ቀደም ብለን የጠየቅነው፥ ዝናሩ በሞላ ጊዜ የሰው ልክ ይታወቃል ያልነው፥ እዚህ ጥቂት መልስ አገኘ መሰለን። ብዛት ጥንቃቄን በግድ አያጠፋም፤ በግድ ማድረጉን ግን ያስቀርለታል። ከዚያ ወዲያ የሚጠነቀቅ ሰው ወድዶ ነው።

እርግጥ መንግሥት በዚህ ልማድ ሊተዳደር አይችልም። ወታደር ጥይቱን ራሱ ይሙላ አይባልም፤ ሠሪውና ተኳሹ ሳይተዋወቁ መኖራቸው ግድ ነው። ስለዚህ የፋብሪካ ጥይት በቂጡ ላይ ምልክት አለው፤ የትኛው ፋብሪካ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ሠራው ከናሱ ላይ ይነበባል። በአምቦ አጠገብ እንዳለው እንደ ሆሚቾ ያለ ፋብሪካ ብዙ ሺህ ሰው ሊይዘው የሚችለውን ጥይት ሲሠራ፥ ያ ምልክት የማይተዋወቁትን ሰዎች የሚያገናኝ ክር ነው። ጥይት በወግ የተሠራ ባይሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ፊርማ ባልተቀረጸበትም ነበረ።

እስከዚህ የተናገርነው ስለ ተበላሸው ጥይት ነው። ስለ ደኅናው ምን እንላለን? ባሩድ መርማሪው፥ ሚዛኑ፥ መብራቱ፥ በቂጡ ላይ ያለው ፊርማ፥ እነዚህ ሁሉ ጥይቱ ይሄድ እንደ ሆነ ይጠይቃሉ እንጂ ወዴት እንደሚሄድ አይጠይቁም። በዚህ ነገር ላይ መሐንዲስ ሊጨምረው የሚችለው ጣቢያ የለም።

በሉማሜም ሆነ በሌላው የጐጃም ገጠር በሠርግና በልቅሶ ወደ ሰማይ መተኰስ የቈየ ልማድ መሆኑን ተናግረናል። ጥይት ገንዘብ በነበረበት ዘመን ሦስት ጊዜ ተኵሶ የሚበቃ ነበረ። ባለ አርባ አምስቱና ክላሹ ከመጣ ወዲህ፥ በተለይም ክላሹ አንድ ጊዜ ቢጫኑት ሠላሳውን የሚያወጣ ስለ ሆነ፥ ክብሩ በቍጥር ይለካ ጀመር። ሦስት ጥይት የተኰሰ ወዳጅ አሁን ንፉግ ይመስላል፤ ሠላሳ የተኰሰው ግን ምን እንደ ሰጠ ራሱም አያውቀውም። ወደ ሰማይ የወጣው አረርም ሰማይ አይቀበለውምና ይመለሳል፤ በማን ጣራ ላይ እንደሚመለስ ተኳሹ አይጠይቅም፥ ሙሽራውም አይጠይቅም። በ1888 ዓ.ም. ወይም በ1928 ዓ.ም. ያ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ የቀረው ደግ ስለ ነበረ አይደለም፤ ጥይቱ ስለ ጠየቀለት ነው። አሁን ግን ጥይቱ መጠየቁን ትቷል፤ ሰው ራሱ ካልጠየቀ ጠያቂ የለም።

ስለ ጥይት የሚጽፍ የክልላችን ሰው ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በምድራችን ላይ የሆነውን ነገር እንዳላየ ሆኖ ሊያልፍ አይችልም። የትኛው ወገን ትክክል ነው የሚለውን ለመፍረድ ይህ ጽሑፍ ስፍራው አይደለም። የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ ያረፈው ጥይት በገበሬ ጓሮ፥ በተማሪ ቤት ቅጥር ግቢ፥ በመንገደኛ አውቶቡስ አጠገብ በሚገኝበት አገር፥ ቀለሁን አንሥቶ ዓመተ ምሕረቱን የሚያነብብ ሕፃን ይገኛል። ያ ሕፃን የት እንደ ተሠራ ያነብባል፤ ማን እንደ ተኰሰው ግን አልተጻፈም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ ማምረትን፥ መነገድንና መያዝን ይከለክላል። አዋጁ መልካም ነው። መሣሪያን ከሰው ጋር በመዝገብ ማገናኘት፥ ቀድሞ እጦት ያገናኘውን ነገር በብዛት ዘመን እንደገና ለማገናኘት መሞከር ነውና። ሆኖም የመዝገቡ ዋጋ በጸሓፊው ትጋት ልክ ነው፤ ይህም ወደ እኛ ወደ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ያመጣናል።

አንባቢው ጥይት ከማያውቀው ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ፥ ይህ ሁሉ እኔን አይመለከተኝም ይል ይሆናል። ነገር ግን በአንድ ቀን ሦስት መቶ ደብዳቤ የሚፈርም ሹም ከዝርጉ ብረት አጠገብ የቆመ ሰው መሆኑን ያስብ። ጸሓፊው በጥቁር ቀለም አንድ በአንድ ሲገለብጠው በነበረ ጊዜ፥ የባለ ጉዳዩን ስም ከነአባቱ ስም ሳያነብብ ሊገለብጠው አይችልም ነበረ። አሁን ቅጹ ተዘጋጅቶ ይቀርባል፥ ስሙ ከመዝገብ ራሱ ይገባል፥ ማኅተሙም ይታተማል። በመካከሉ ያንድ ሰው ስም ቢሳሳት፥ ባሩድ ሳይሰፈርለት ያለፈ ቀለህ ነው፤ ደብዳቤው ደብዳቤ ይመስላል፥ ማኅተሙ አለበት፥ ባለ ጉዳዩ ግን ይዞት ሲሄድ በሌላው መሥሪያ ቤት በር ላይ ይወተፋል። አስተማሪውም ቢሆን ሰማንያ ተማሪ በአንድ ክፍል ውስጥ ይዞ የፈተና ወረቀት በመኪና ሲታረምለት፥ መኪናው የጠቈረውን ክብ ይቈጥራል እንጂ ልጁ ለምን እንዳልገባው አይነግረውም። ሰማንያውን ሁሉ አንድ በአንድ ይወቅ ብለን ሸክም አንጭንበትም፤ ይህ የማይቻል ነው፥ የማይቻለውንም ማዘዝ ከግፍ ይቈጠራል።

የሚቻለው ምን እንደ ሆነ ከጥይት ሞይዎቹ ዘንድ ማየት ይቻላል። መኪናው ጮኾ የቆመ እንደ ሆነ፥ ሰነፉ ሰው የተበላሸውን ቀለህ አንሥቶ ይጥልና መኪናውን እንደገና ያስነሣል፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆኗልና ልቡ ያርፋል። ተጠንቃቂው ግን ሞተሩን ያጠፋል። መስፈሪያው ለምን እንደ ጐደለ ይመረምራል፤ ባሩዱ ተቋጥሮ እንደ ሆነ፥ ወይም መስፈሪያው ላልቶ እንደ ሆነ ያያል። ከዚያም ደኅና ናቸው ተብለው ወደ ሣጥኑ ከወደቁት መካከል የመጨረሻዎቹን ዐሥር ወይም ሃያ ያወጣል፤ መርማሪው ዝም ብሎ ያሳለፋቸውን ማለት ነው። አንድ በአንድ በሚዛን ላይ ያስቀምጣቸዋል፤ የተጠራጠረውን አረሩን ነቅሎ ባሩዱን ያፈስሰዋል። በዚያ ሰዓት መኪናው ምንም ጥይት አይሞላም።

በደብዳቤ ሥራም አንድ ባለ ጉዳይ ስሙ ተሳስቶ በተመለሰ ጊዜ፥ የእርሱን ብቻ አርሞ ከመሸኘት ይልቅ፥ በዚያው ዕለት በዚያው ቅጽ የወጡትን ሌሎቹን ደብዳቤዎች ከመዝገብ ቤት አስወጥቶ የሚያይ ሠራተኛ አለ። እንዲህ ያለውን ሠራተኛ ባልደረቦቹ ሥራ ያበዛል ብለው ያሙታል፤ በዚያ ከሰዓት በኋላ አዲስ ደብዳቤ ባለመውጣቱም አለቃው ይቈጣዋል። ከወጡት ደብዳቤዎች መካከል የተሳሳተ ሌላ ስም ያላገኘበት ቀንም ብዙ ነው።